ብርሃን መሞከሪያ

ደብረ ማርቆስ ላይ ሰው ሲሞት መጀመሪያ የእድሩ ጡሩምባ ይነፋል፤ ቀጥሎ የእቴናት ፎቶ ቤት በር ይንኳኳል። ድንኳኑ ገና ሳይወጠር፣ ሬሳው ሳይገነዝ፣ አንዱ ዘመድ ነጠላውን አዘቅዝቆ እየሮጠ ይመጣና "እንደው እባክሽ፣ መልኩን አላጣሽውም?" ይላታል። እውነቱን ነው፤ ያለ ፎቶ ምን ለቅሶ አለ? እናትስ ምን ታቅፋ ትውጣ?

እቴናት ታዲያ "ስሙ ማነው?" ብላ አትጠይቅም። ስም ምን ሊረባት! በዚህ አገር ስንት አበባው፣ ስንት ሙሉነህ አለ። እሷ የምትጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው። "የየት ደብር ሰው ነው? የማን ሰርግ ላይ ነበር?"

ፎቶዎቹን ያስቀመጠችው በደብር ነዋ። ሰው በስሙ ይምታታል፣ መቀበሪያው ግን አይምታታም። ኮምፒውተሯን ስትከፍቱት አብማ ማርያም አለ፣ ማርቆስ አለ፣ ይጁቤ አለ፣ ሮብ ገበያ አለ፤ በየደብሩ ውስጥ ደግሞ ሰርጉ፣ ክርስትናው፣ ምርቃቱ ተደርድሯል። የገጠር ሰው ፎቶ ቤት ገብቶ "አንሱኝ" አይልም። በሕይወቱ አንዴ ቢነሳ የሰው ሰርግ ላይ፣ ከሙሽሮቹ ጀርባ፣ የጠላ ብርጭቆውን እንደያዘ ነው። እቴናት እዚያው ሄዳ ትፈልገዋለች፤ ከሙሽሮቹ ለይታ ትቆርጠዋለች፤ ታጎላዋለች፤ ፊቱን ታበራለች፤ ብርጭቆውን ታወጣለች። ከዚያ ጠርዙ ጥቁር በሆነ፣ አናቱ ላይ መስቀል ባለው ፍሬም ውስጥ ታስገባውና አትማ ትሰጣለች። ሲቀበሏት ያለቅሳሉ፣ ይመርቋታል። "እጅሽ ይባረክ" ይሏታል።

ምርቃቱ መልካም ነበር። ሴትየዋን ግን አሰራት።

ዲስኮቹ አሥራ አንድ ናቸው። እያንዳንዱ፣ ለልጇ ለዜማ በጠበባት ካልሲ ውስጥ ተቀምጧል። ዜማ ሰባት ዓመቷ ነው፣ የእቴናት አንድ ልጅ። የመጀመሪያው ዲስክ ያለበት ካልሲ አውራ ጣት አያስገባም ልትሉ ትችላላችሁ፤ ሳብ ሲያደርጉት ግን ይገባል። የመጨረሻው ተለቅ ያለ፣ ተረከዙ የተቀደደ ነው። ቁጥራቸው በቀይ ክር ተሰፍቷል። ቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ገብተው ይቆለፋሉ፤ ቁልፉ እቴናት አንገት ላይ ከማተቡ ጋር ይውላል። እሷ እንግዲህ ስድስት ዓመት ሙሉ ከደብረ ማርቆስ ውጭ አድራ አታውቅም። ፍኖተ ሰላም ወንድሟን ስትድር እንኳ ጠዋት ሄዳ ማታ ተመለሰች። "ሰው ቢሞትስ?" ትላለች። ሰው ደግሞ መሞቱን መች ይተዋል!

ነገሩ የጀመረው በሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ነው። ያን ጊዜ እቴናት እንደማንኛውም ፎቶ አንሺ ነበረች። አንድ ሰርግ ላይ ዘጠኝ መቶ ታነሳለች። ሙሽሮቹ ለአልበም ስልሳ ይመርጣሉ፤ የተረፈው ትርፍ ይባላል። ዲስክ ውድ ነው፣ ቦታ የለም፤ ግንቦት ሲገባ ትርፉን ታጠፋዋለች። ማን ይጠይቃታል? ሙሽሮቹ ድርሻቸውን ወስደዋል።

በዚያ ዓመት ሐምሌ ይጁቤ ላይ ቢተው የሚባል የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ከእርሻ ሲመለስ መብረቅ መታው። ለእናቱ አንድ ነበር። "አንድ ያላት እንቅልፍ የላት" ይባላል፤ እሷ አሁን አንዱንም አጣች። እናትየዋ ወይዘሮ ደብሪቱ ለሣልስቱ ጭቃ በጭቃ ሆነው ፎቶ ቤቱ ድረስ መጡ።

"ጥር ላይ በአጎቱ ልጅ ሰርግ ለሙሽሮቹ ጃንጥላ የያዘው እሱ ነው" አሉ። "አንቺ አንስተሽዋል። ማዶ ቆሜ አይቼሻለሁ።"

እቴናት ከፈተች። ስልሳዎቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። ጃንጥላው አለ። የጃንጥላው እጀታ አለ። እጀታውን የጨበጠ እጅ በሰባት ፎቶ ላይ አለ። ቢተው የለም። ሙሽሮቹን መሐል ለማድረግ ብላ እሷው ራሷ ቆርጣዋለች። ሙሉ መልኩ ያለበት ከትርፉ ጋር ሄዷል፣ ከሁለት ወር በፊት።

ደብሪቱ አልጮሁም። "ሞት አንዴ ገደለው፤ አንቺ ደገምሽው" አሉና ደጃፏ ላይ ጭቃው ውስጥ ተቀመጡ። አልነሳም አሉ። ዝናቡ እየዘነበ ሰው ተሰበሰበ። የታክሲ ረዳቱም፣ ሽንኩርት ቸርቻሪዋም፣ ከባንክ የወጣውም ሁሉ ከበባቸው። በመጨረሻ የእቴናት የነፍስ አባት መምሬ ወልደ ገብርኤል ተጠሩ። መጡ፣ አዩ፣ መስቀላቸውን አወጡ።

"እቴናት፣ ነይ ውጪ። ከእንግዲህ የሰው መልክ ብታጠፊ፣ መልክ ፈልጎ የመጣውንም ባዶ እጁን ብትመልሺ፣ በጴጥሮስ በጳውሎስ ሥልጣን ገዝቼሻለሁ!"

እቴናት አንገቷን ደፍታ "አሜን" አለች። ሰዉም "አሜን" አለ። ደብሪቱ ተነሱ፣ ቀሚሳቸውን አራገፉና ወደ አገራቸው ሄዱ።

ግዝት ማለት ቀልድ አይደለም። ጎጃም ውስጥ በግዝት የተተወ ጥል፣ በግዝት የቀረ ጠጅ፣ በግዝት የተጠበቀ ጫካ አለ። እቴናትም ያን ቀን የሰማችውን አልዘነጋችም። ትርፍ የሚባል ነገር ቀረ። ዓይኑን የጨፈነውም፣ የደበዘዘውም፣ ሲያስነጥስ የተነሳውም ሁሉ ይቀመጣል። ዲስክ ሞላ፣ ሌላ ተገዛ። እሱም ሞላ፣ ሌላ። መምሬ ግን በዚያው ዓመት ሚስታቸው ሞቱባቸውና መንኩሰው ዲማ ገዳም ገቡ። እቴናት ሌላ የነፍስ አባት ያዘች። የግዝቱን ነገር ለእሳቸው አልነገረችም። መናገር ማለት "ፍቱኝና ላጥፋ" ማለት መሰላት፤ አፈረች።

ደብሪቱ በየዓመቱ ሐምሌ የልጃቸውን መታሰቢያ ጠብቀው ይመጡ ነበር። ፕላስቲኩ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ።

"አላገኘሽውም?"

"አላገኘሁትም፣ እትዬ።"

ውሃ ይጠጣሉ፣ ይሄዳሉ። አንድ ቀን ክፉ ቃል ወጥቷቸው አያውቅም። ቢሳደቡ በስንት ጣዕሙ!

ባሏ ታዲዮስ የሒሳብ መምህር ነው፣ የደሴ ልጅ። ከሁለት ዓመት በፊት እናቱ ታመሙበትና ተዛውሮ ሄደ። "ዛሬ ነገ ትከተይኛለሽ" ብሎ ነበር። ትዳሩ በስልክ ሆነ። መጀመሪያ በየቀኑ ይደውላል፤ ኋላ በሳምንት፤ ኋላ የሚያናግረው ዜማን ሆነ።

"ዲስኮቹን ይዘሻቸው ነይ" ይላታል።

"ይጁቤ የሞተ ሰው ደሴ መጥቶ ይጠይቀኛል? ለቅሶ ይጠብቃል?"

"በኢንተርኔት ላኪላቸው።"

"አይ አንተ! አንዷን ፎቶ ለመላክ ጠዋት ጀምሬ ለቀትር ብትደርስልኝ ነው፤ መብራት ካልሄደ።"

"ለድረስ አስረክቢያቸው።"

ሞክራለች። ድረስ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት በሞባይል ሚሞሪ ዘፈንና ፊልም የሚጭን ልጅ እግር ነጋዴ ነው፣ ሥራ ያውቃል። አንድ ከሰዓት አጠገቧ አስቀመጠችው። አንዲት ሴት የአባቷን መልክ ፈልጋ መጣች። ድረስ ስሙን ጠይቆ ስሙን ጻፈ። ምንም አልወጣም። "ስም የለውማ" አለችው እቴናት። "የየት ደብር ነው በላት።" ጠየቀ። ከዚያ የሰርግ ክምር ውስጥ ገባ፣ ሺህ ፊት ፊቱ ላይ ፈሰሰበት፣ ላብ በላብ ሆነ። እቴናት ደግሞ ከኋላው ሆና "እሱማ የቄስ ጸጋው ልጅ ስትዳር ከበሮው አጠገብ ጋቢ ለብሶ የቆመው ነው" አለች። ነበረም። ድረስ ተነስቶ ወንበሩን ለቀቀላት።

"እትዬ እቴናት፣ ይሄ ያለው ዲስኩ ላይ አይደለም፣ አንቺ ላይ ነው። እኔ ከነነፍሴ ልቀበር ነው እንዴ?" አለና ሹልክ ብሎ ወጣ።

በዚህ መሐል ሁለት ሺህ ስድስት ገባ። ሰኔ ላይ ታዲዮስ ደወለ። ድምፁ አልተቆጣም፤ ያ ነው ያስፈራት።

"ትምህርት ሲዘጋ እመጣለሁ። ዜማን እዚህ አስመዘግባታለሁ፤ ልጅ ያለ አባት አታድግም። አንቺም ከመጣሽ መጣሽ። ካልመጣሽ ግን፣ እቴናት፣ ከዚህ ወዲያ አልለምንሽም።"

ስልኩን ዘጋች። ልጇን ልታጣ ነው። ባሏን ልታጣ ነው። በምን? በካልሲ ውስጥ ባለ ዲስክ! ጉድ በል ጎጃም! ተነሳችና ኮምፒውተሩን ዘጋች፣ ዜማን ለጎረቤት ሰጠች፣ በስድስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ የፎቶ ቤቱን በር በሥራ ቀን ቆልፋ በቢቸና በኩል ወደ ዲማ ወጣች። ግዝቱን ያሰረው ይፍታው፤ ሌላ መንገድ አልታያትም።

መኪናው እስከደረሰበት ወስዷት የቀረውን በእግሯ ሄደች። ጭቃው ጫማዋን እየነጠቀ አስቸገራት። ዲማ ስትደርስ ተማሪዎቹ ቅኔ ያንጎራጉራሉ። መምሬ ወልደ ገብርኤል፣ አሁን አባ ወልደ ገብርኤል፣ ከዛፍ ሥር ቢጫ ቆባቸውን ደፍተው ምስር ይለቅማሉ። አርጅተዋል። ግን አወቋት።

"እቴናት! የፎቶዋ! እንደምን ከረምሽ ልጄ?"

እግራቸው ላይ ወደቀች። "አባቴ፣ ይፍቱኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ጠበቅሁት። አንድ መልክ አላጠፋሁም። አሁን ግን ትዳሬ ሊፈርስብኝ ነው፣ ልጄን ሊወስድብኝ ነው። ይፍቱኝ።"

አባ ምስሩን አስቀመጡ። "ምኑን ልፍታሽ?"

"ግዝቱን ነዋ! ያን ቀን ደጃፌ ላይ..."

 የአባ ፊት ላይ መጀመሪያ ግራ መጋባት ታየ፣ ቀጥሎ ድንጋጤ።

"አንቺ ልጅ፣ እስከ ዛሬ በዚያ ነው ያለሽው?"

"በምን ልሁን ታዲያ?"

"ያቺ እናት ከጭቃው አልነሳም ብትል ገዘትሁሽ። ቁስሏ እስኪጠግ፣ የልጇ አርባ እስኪወጣ። በአርባው ትመጪና ቀኖናሽን ሰጥቼ እፈታሻለሁ ብዬ ጠበቅሁሽ። የታሰረ ሰው ለመፈታት ይመጣል እንጂ ይቀራል እንዴ? ስትቀሪ ሌላ ካህን የፈታሽ መሰለኝ። ኋላ ባለቤቴ አረፈች፣ እኔም ወጣሁ።" ጭንቅላታቸውን ያዙ። "ስድስት ዓመት! ኧረ እኔን ይፍታኝ!"

እቴናት ሳቀች። ከዚያ ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረ። እንዴት አታልቅስ? በሩ ሳይቆለፍ ስድስት ዓመት ውስጥ ተቀምጣለች። "መጥቼ ብጠይቅዎ ኖሮ" አለች። "አንድ ቀን ብጠይቅዎ ኖሮ።" አባ መስቀላቸውን ግንባሯ ላይ አድርገው "እግዚአብሔር ይፍታሽ" አሏት፣ ሦስት ጊዜ። መስቀሉን ተሳለመች። ስትመለስ ጭቃው ያው ጭቃ ነበር፣ እግሯ ግን ቀለላት። ቢቸና ስትደርስ ለታዲዮስ ደወለች።

"እመጣለሁ" አለችው።

"ምን አልሽ?"

"እመጣለሁ አልኩህ! ደንቆሮ!"

ታዲዮስ ሐምሌ መባቻ ላይ ደረሰ። ያን ሰሞን ቤቱ ውስጥ ሳቅ ነበር። ታዲዮስ ዕቃ ያስራል፣ ዜማ የታሰረውን ትፈታለች። ድረስ ፎቶ ቤቱን ከነዕቃው ሊወስደው ተስማሙ። ካሜራውንና ማተሚያውን ብዙም አልፈለጋቸውም፣ "ሰው ሁሉ ፎቶ አንሺ ሆኗል በሞባይሉ" ይላል፤ የጎመዠው ዲስኮቹን ነው። ለፊልም። አሥራ አንድ ዲስክ በቀላሉ አይገኝም።

"ባዶ አድርገሽ ስጭኝ" አላት።

ታዲዮስ "የምትፈልጊያቸው ካሉ እንውሰድ" ብሎ ነበር። እምቢ ያለችው እሷ ናት። "አንዱን ከወሰድሁ አልተፈታሁም" አለች። እውነቷን ነበር።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ድረስ መጣ። እቴናት አንደኛውን ዲስክ ከትንሿ ካልሲ አወጣች፣ ሰካች። ኮምፒውተሩ "እርግጠኛ ነሽ?" ብሎ ጠየቃት። አማተበችና ተጫነችው። ሰማይ አልተደረመሰም። መብረቅ አልወረደም። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ድረስ እያፏጨ ወደ ቦርሳው ከተታቸው።

ሦስተኛው የሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ነበር። ያን ዲስክ ከዚያ ሐምሌ ወዲህ በደንብ ከፍታው አታውቅም፤ ያማታል። አሁን ግን ፍትሐት አግኝታለች፣ ምን ያስፈራታል? ለመሰናበት ከፈተችው። ደብሮቹ ተደርድረዋል። ከሁሉም ግርጌ "ብርሃን" የሚል አለ።

ብርሃን ቦታ አይደለም። ሰርግ ቤት እንደደረሰች ሥራ ከመጀመሯ በፊት ፀሐዩን ለመሞከር ሁለት ሦስት ጊዜ ካሜራዋን ጫን ጫን ታደርጋለች፤ አጥሩንም፣ ድንኳኑንም፣ ፊት ለፊቷ ያገኘችውንም ማንንም። ያንን ሁሉ ከየሰርጉ እየለቀመች እዚያ ትጥለዋለች። ለእሷ እሱ ፀሐይ ነው እንጂ ሰው አይደለም። ከደብርም አይቆጠር፣ ከትርፍም አይቆጠር። ፈልጋበት አታውቅም፤ ማጥፋትም ትዝ ብሏት አያውቅም።

ከፈተችው። አጥር። ድንኳን። ውሻ። የአንዲት ሴት ጀርባ። ከዚያ አንድ ልጅ፣ ነጭ ሸሚዝ፣ የተዘጋ ጃንጥላ ብብቱ ውስጥ። ብቻውን። ካሜራውን እያየ ጥርሱን ብልጭ አድርጎ ስቋል።

እቴናት አላወቀችውም። ፊቱን አይታው አታውቅም እኮ። ያወቀችው እጁን ነው። ያን ጨበጣ በሰባት ፎቶ ላይ ካየችው ወዲህ ስድስት ዓመት ከዓይኗ አልጠፋም።

"ምነው?" አላት ድረስ። "ምነው እትዬ? ምን ሆንሽ?"

እሷ ግን የምታየው ልጁን አልነበረም። የድረስን ቦርሳ ነበር። አንደኛው ዲስክ ውስጥም ብርሃን የሚል ነበር። ሁለተኛው ውስጥም ነበር። አሁን፣ ፍትሐት አግኝታ፣ አማትባ፣ ሁለቱንም አጥፍታቸዋለች። ማን ነበር እዚያ ውስጥ? ማን ነበር ብቻውን ቆሞ የሳቀላት? አታውቅም። መቼም አታውቅም።

"ውጣ" አለችው። "ሂድ፣ ድረስ። ሌላውን አልሰጥም።"

በማግስቱ ፎቶውን ትልቅ አድርጋ አትማ ይጁቤ ወረደች። ደብሪቱ ደጃፋቸው ላይ ቆመው አዩዋት፣ የያዘችውንም አዩ። ፎቶውን ተቀብለው ገቡና መስኮቱ አጠገብ ብርሃን ላይ አደረጉት። እቴናት ልቅሶ ጠብቃ ነበር። ደብሪቱ ጣታቸውን በልጁ ጥርስ ላይ አሳለፉ።

"ስቋል" አሉ። "ሸሚዙን እኔ ነኝ ያጠብሁለት። ስቋል፣ አየሽው?" ቆይተው ደግሞ "እኔኮ መልኩ ይጠፋብኝ ጀምሮ ነበር። ለሰው አልናገርም እንጂ ጠፍቶብኝ ነበር።" ዞረው እቴናትን አቀፏት። "በይ ሂጂ። ከዚህ በኋላ አልመጣብሽም። እኔም ፈትቼሻለሁ።"

መመለሻዋ ላይ ሚኒባሱ ውስጥ ከእንቁላል ሻጮች መሐል ተጣብቃ ተቀምጣ እቴናት እንደምንም ደስ እንዲላት ሞከረች። "መልኩ ይጠፋብኝ ጀምሮ ነበር" የሚለው ቃል አልለቃት አለ። የቀሩት ዲስኮች ዘጠኝ ናቸው። ዘጠኝ ብርሃን። በየአንዳንዱ ውስጥ ስንት ሰው?

ቤት ስትደርስ ታዲዮስ የታሰረው ዕቃ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃታል። ድረስ ነግሮታል።

"አገኘሽው አሉ። እንኳን ደስ ያለሽ።"

"ታዲዮስ፣ እስከ መስከረም ብቻ። ብርሃኖቹን ብቻ ላጥራቸው። እያንዳንዱን ሰው ደብሩን ሰጥቼ..."

"ቄሱ ፈቱሽ?" አላት።

"ፈቱኝ።"

"ሴትየዋስ?"

"ፈተውኛል።"

"ታዲያ ማን ቀረ? ማን ነው አሁን የያዘሽ? በይ ንገሪኝ፣ ሄጄ እግሩ ላይ ልውደቅለት!"

እቴናት አፏን ከፈተች።  ስድስት ዓመት "ግዝት አለብኝ" ስትል ኖራ ዛሬ የምትለው ቃል እንኳ አጣች።  ታዲዮስ ተነስቶ የዜማን ልብስ ከእሷ ልብስ መለየት ጀመረ። አልጮኸባትም። እሷም አልከለከለችውም፤ መከልከል ማለት አብሮ መሄድ ነበርና።

ሰኞ ጠዋት መናኸሪያ ሸኘቻቸው። "እስከ መስከረም ነው" ትላለች ለዜማ፣ "መስከረም ጠባ ማለት መጣሁ ማለት ነው።" ታዲዮስ ሌላ ቦታ ያያል። ዜማ በመስኮት አንገቷን አወጣች።

"እማዬ፣ የኔን ፎቶ ይዘሻል?"

"ሞልቶ! ሞልቶ የኔ ዓለም!"

አውቶቡሱ ወጣ። እቴናት ፎቶ ቤቷን ከፈተች፣ ቁልፉን ከአንገቷ አወጣች፣ ቆርቆሮውን ሣጥን ከፈተች። ልጇን ግድግዳው ላይ ልትሰቅላት ነው። ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣ እጇ እንደለመደው ሄደ። አፏም እንደለመደው "የየት..." ብሎ ጀመረና ቆመ።

ዜማን በየት ደብር ትፈልጋት? ደብር የሰጠቻት መቼ ነው? አንድ ቀን አስቁማ፣ ፀጉሯን አበጥራ፣ "በይ ሳቂ" ብላ ያነሳቻት መቼ ነው? ክርስትናዋ ሁለተኛው ዲስክ ላይ ነበር። ልጅቱ "መቼ ታነሽኛለሽ?" ስትላት "ቆይ፣ ሰው እየጠበቀኝ ነው" እያለቻት ነው የኖረችው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው።

ፈለገች። እንደማንኛውም ባለ ለቅሶ የሰው ሰርግ ውስጥ ገብታ ልጇን ፈለገች። ሮብ ገበያ፣ የሁለት ሺህ ሦስት ጥር፣ ከሙሽሮቹ ኋላ ሁለት ወንበር ተገጥሞላት የተኛች ሕፃን፤ ግማሽ ፊቷ በሰው ክንድ ተጋርዷል። ማርቆስ፣ የመምህሩ ሰርግ፣ ጀርባዋን ሰጥታ የካሜራውን ቦርሳ ታቅፋ። አብማ ማርያም፣ ድንኳን ጥግ፣ ወደ ካሜራው ስታይ ግን ደብዝዛ። ይቺ ትሻላለች። ቆረጠቻት። አጎላቻት። ፊቷን አበራችው። እጇ ሳታዝዘው የሚያውቀውን ሠራ፤ ጥቁሩ ፍሬም ከነመስቀሉ መጥቶ የልጇን ፊት ከበበው።

"በስመ አብ!" ብላ ጮኸችና ሶኬቱን ነቀለችው።

ስልኩ ጮኸ። ዜማ ናት፤ ደጀን ለምሳ ወርደዋል።

"እማዬ፣ ፎቶዬን ሰቀልሽው?"

"አልሰቀልሁትም የኔ ዓለም።"

"አላገኘሽውም?"

የደብሪቱ ወንበር ባዶውን ፊት ለፊቷ ቆሟል። 

"አላገኘሁትም" አለች። "እየፈለግሁ ነው።"

ነጠላውን ያዘቀዘቀ ሰው በሩን እያንኳኳ ነበር።